ከላይ የሚወርደው ውሃ ቀላሉ ነው

በክረምት በሳይክል ቢሮ እንደምሄድ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዝናቡስ?»

ዝናቡማ ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ከተከፈተ ተከፈተ ነው። በዓመት የሚወርድብን ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው የሚራገፈው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ግን የዝናብ ልብስ እየቀያየርኩ ስነዳ የታዘብኩት፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ ከሁሉም ቀላሉ መሆኑን ነው። ሌላ ውሃ አለ፤ ጎማ ከአስፋልት አንስቶ ከታች የሚረጨው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከራሴ የሚወጣው ነው። ላብ።

መንገዴን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የልብሱ ወሬ አይገባም። የምኖረው ጎፋ፣ የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ጠዋት ከጎፋ በቄራ አድርጌ ሜክሲኮ፣ ከዚያ በብሔራዊ ቴአትር ወደ ፍልውሃ። ከፍልውሃ በኋላ ያለው በቤተ መንግሥቱ ጎን ወደ አራት ኪሎ የሚወጣው ዳገት ነው። አዲስ አበባ ሜዳ የምትመስለው በመኪና ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው። የቦሌ ኤርፖርት 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከተማው በሁለቱ መሀል ተዳፍቶ ነው ያለው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ይወጣል፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ ይወርዳል። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ።

ዝናቡም የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት ብዙ ጊዜ ጭጋግ ነው፣ ከበዛም ካፊያ። ከዚያ ፀሐይ ብቅ ትልና መሬቱን ታሞቀዋለች፤ ደመናው በእንጦጦ በኩል ይቆለላል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዶፉ ይለቀቃል። ስለዚህ ጠዋት ዳገትና ካፊያ፣ ማታ ቁልቁለትና ዶፍ ነው የሚደርሰኝ። ጠዋት ጠላቴ ሙቀት ነው፤ ማታ ብርድ። ሱቅ ውስጥ የዝናብ ልብስ ስንመርጥ ግን የምንጠይቀው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ ያስገባል ወይስ አያስገባም።

«ለምን ታክሲ አትይዝም?» የሚሉኝም አሉ። ዝናብ በጣለ ቀን ታክሲ የት ተገኝቶ! ሰልፉ ጥግ ዞሮ ይጠማዘዛል፣ ሚኒባሱ መንገድ አቆራርጦ ይጭናል፣ ራይድ የጠራ ሰው ደግሞ መኪናው መጣ አልመጣ እያለ ስልኩን ሲያይ ይመሻል። መንገዱ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ባዶ የሆነው የሳይክሉ መንገድ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በብዙ ዋና መንገዶች ላይ የሳይክል መስመር ይዞ መጥቷል። በበጋ መስመሩ ላይ የሌለ ሰው የለም፤ የሚራመደው፣ ፎቶ የሚነሳው፣ ቆሞ የሚያወራው። ጠብ ሲል ሁሉም በረንዳ ስር ይገባል። የእኔ መስመር ለእኔ የሚሆነው ክረምት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ልብሱ ልምጣ።

የዝናብ ልብስ የሚመዘነው ብዙውን ጊዜ በስሜት ነው። «በሰበስኩ»፣ «አልበሰበስኩም» ነው ወሬው። እኔ በሶፍት ነው የምለካው። እጥፍ አድርጌ አንዱን አንገቴ ስር፣ አንዱን ክርኔ ላይ፣ አንዱን ከጉልበቴ በላይ፣ አንዱን ካልሲዬ ውስጥ እሸጉጣለሁ። ቢሮ ስደርስ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። የረጠበው ሶፍት ውሃው የት እንደገባ ይናገራል። ዝናብ ይሁን ላብ የሚለየው ደግሞ በምላስ ጫፍ ነው። ጨው ጨው ካለ ላብ ነው። አዎ፣ አውቃለሁ፤ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ሶፍት የሚቀምስ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጥበቃችን ጋሼ አንድ ቀን ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ቁርስ ሳትበላ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉኝ።

መንገድ ላይ ስለሚሸጠው ስስ ላስቲክ ብዙ አልልም። ዝናቡ ሲጀምር ሻጮቹ ከየት ብቅ እንደሚሉ ይገርመኛል። ለሚራመድ ሰው ይበቃል። ሳይክል ላይ ግን ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ይተረተራል፣ ጫፉም ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ይጠመጠማል። ለክፉ ቀን ቦርሳ ውስጥ አንድ ይኑራችሁ፤ ከዚያ በላይ አልመክርም።

ቀጥሎ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች የሚለብሱትን ወፍራሙን ጃኬትና ሱሪ ከመርካቶ ገዛሁ። ሻጩን «ውሃ አያስገባም?» ስለው እጅጌውን ገልብጦ ስፌቱን አሳየኝ። «ውሃ? እንኳን ውሃ አየር አያስገባም!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ሞተር የሚነዳ ሰው ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ሳይክል ላይ ሞተሩ ሰውየው ራሱ ነው። ፔዳል ስንመታ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ለሥራ የሚውለው ቢበዛ ከአራት አንዱ እጅ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ ላብ ይጠራል፤ ላቡ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይተኛል። ዳገቱን ጨርሼ ጃኬቱን ሳወልቀው ሸሚዜ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ሶፍቶቹ ከአንገት እስከ ጉልበት ረጥበዋል፣ ሁሉም ጨው ጨው ይላሉ። ከዝናቡ አንዲት ጠብታ አልገባችም! ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ሀገር በስብሼ ደረስኩ ማለት ነው።

አዲስ ችግርም አይደለም። ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቅ መሀል ጎማ አጣብቆ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ በስሙ ካስመዘገበ ጀምሮ ሰው በዚሁ ሲጣላ ነው የኖረው። ከውጭ የዘጋ ከውስጥም ይዘጋል።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ ጃኬት ላከችልኝ። በሰው ነው የተላከው፤ ከቫይታሚንና ከልጆች ጫማ ጋር ተጠቅልሎ። እንዲህ ያለውን ልብስ ሰው በጅምላ ጎርቴክስ ይለዋል፤ ሥራው ግን የሚገርም ነው። ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን የምንለውን ነገር አሙቆ ቀስ እያለ ሊስበው ሲሞክር እየተበጠሰ አስቸገረው። በአንድ ጊዜ መንጭቆ ሲስበው ግን ተለጠጠ፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ሞሉት። ቀዳዳዎቹ ለዝናብ ጠብታ በጣም ጠባብ ናቸው፤ እንፋሎት ሆኖ ለሚወጣ ላብ ግን ይበቃሉ። በወሬ ደረጃ የእኔ ችግር እዚህ ላይ አለቀ።

በመንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። ለጠዋት ካፊያ ጃኬቱ ግሩም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ያንን የሚያንከባልለው ግን ባለ ቀዳዳው ስስ ሽፋን አይደለም፤ የላይኛው ጨርቅ ላይ የተቀባ ቅብ ነው። ቅቡ በፀሐይ፣ በአቧራ፣ በቦርሳ ማንገቻ ይጠፋል። ያኔ የላይኛው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። ዝናቡ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ግን ላቡም መውጫ የለውም፤ ጨርቁም ቀዝቅዞ ትከሻ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «አስገባ» ብሎ ይጥለዋል። አላስገባም። የሳሙና ዝቃጭ እስኪለቅ በደንብ ታጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ጨርቅ ተደርጎ ለስለስ ባለ ካውያ ቢሞቅ ቅቡ የተወሰነ ነፍስ ይዘራል። የእኔን ሞክሬው ሠርቷል፤ ከማንገቻው ስር ካለው ቦታ በስተቀር።

መለያው ላይ 10,000 ሚሊሜትር የሚል ቁጥር ካያችሁም አትደናገጡ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ እስኪጫነው ድረስ ጨርቁ አያስገባም ማለት ነው። ዝናብ ብቻውን ያን ያህል አይጫንም። የሚጫነው ማንገቻ ነው፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጥንበት ነው፣ የታጠፈ ክርን ነው። ቁጥሩ ስለ ላብ ምንም አይናገርም። ላቡ ሌላ መለኪያ አለው፤ እሱን ደግሞ ሻጭ አይጠቅሰውም።

ፍርዴ ይሄ ነው፤ ማታ ለቁልቁለቱ ጥሩ ልብስ ነው። ከኪሴ አውጥቼ ግን አልገዛውም። ዳገት የበዛበት ከተማ ውስጥ የትኛውም ጃኬት፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ከክፍት ነገር አይበልጥም።

ክፍቱ ነገር ፖንቾ ነው፤ በአንገት የሚጠለቅ ሰፊ የዝናብ ካባ። ከፊት መሪውን ይሸፍናል፣ ከኋላ ኮርቻውን ያልፋል፣ ከስር ምንም የለውም። አየሩ ከስር ገብቶ በአንገት ይወጣል። የደጋው ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ገሳ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከሣር የተጎነጎነ ነው፣ ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ከስር ግን ወለል ያለ ነው። እረኛው ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ በላብ አይበሰብስም። እኛ ከተማ ገብተን ላስቲክ ስናገኝ ነው ይህን የረሳነው።

የፖንቾ ጣጣው ነፋስ ነው። ወጨፎ ሲመጣ ይነሳል። ከሜክሲኮ ወደ ቄራ ስወርድ ይነፋና ፍሬን ሳልይዝ ይይዘኛል። እጅ ስለሚሸፈን ልታጠፉ ስትሉ ምልክት ማሳየት ራሱ ሥራ ነው። ከኋላ ሲኖትራክ በመጣ ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሲያልፍ ፖንቾውን ጎትቶ ነው የሚያልፈው። ሶፍቶቹ ምን አሉ? የአንገቱ ረጥቧል፣ ጨው የለውም። የክርኑ ደረቅ። የጉልበቱ እርጥብርጥብ ያለ። የካልሲው የለም፤ ሟሟ።

የካልሲውን ነገር የፈታልኝ ሌላ ሰው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ዶፍ ሲይዘኝ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ስር ተጠለልኩ። አጠገቤ በሳይክል ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲ፣ ከካልሲው በላይ ፌስታል፣ ከፌስታሉ በላይ ጫማ። ፌስታሉን አራግፎ መልሶ ለበሰ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በላስቲክ አሰረው። ዓይኔን እዚያ ላይ ሲያየው ሳቀ።

«ብራዘር፣ ጫማ አይድንም» አለኝ። «እግር ይዳን።»

ከዚያ የራሴን ሱሪ አየና ጫፉን ከጫማዬ አውጥቶ በላዩ ላይ ጣለው። ሱሪው ጫማ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከላይ ሲሆን ውጭ ያፈሰዋል። በቃ፣ ይሄው ነው። ሱቅ ውስጥ ማንም ያልነገረኝን ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ የሚውል ልጅ በአንድ ደቂቃ አሳየኝ። (የፌስታል ክልከላው አዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህ ብልሃት ምን እንደሚሆን አላውቅም። የሩዝ ከረጢት እየሞከርኩ ነው፤ ይንሿሿል እንጂ ይሠራል።) ሌላው ጓደኛው ደግሞ ጣጣ የለውም፤ ቁምጣና ሰንደል ነው። ከቆዳ ቶሎ የሚደርቅ ነገር የለም፤ የቢሮ ሰው ስለሆንኩ ነው እንጂ እሱ ነበር ትክክል።

ለሳይክል ዝናብ ከሚገዛው ሁሉ የሚበልጠው ግን ጭራሽ የማይለበስ ነው። ፓራፋንጎ። አዲስ አበባ ውስጥ ከምናያቸው ሳይክሎች አብዛኞቹ የተራራ ሳይክል ዓይነት ናቸው፤ ፓራፋንጎ የላቸውም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳን የፊት ጎማው እግርና ፊት ላይ፣ የኋላው ጀርባ ላይ እየረጨ ይቀጥላል። ያ ውሃ ደግሞ ዝናብ አይደለም። ቄራ ጋ በክረምት አስፋልት ላይ ምን ምን እንደሚፈስ የሚያውቅ ያውቃል፤ ዝርዝሩን ልተወው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ጎማ የሚሆን ፕላስቲክ ይወጣዋል። በቢላ በቁመቱ ቀድዶ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ፣ የፊቱን ወደ መሬት እስኪጠጋ ማስረዘም ነው። አጭር ከሆነ ፊትን እንጂ እግርን አያድንም። እሱን ካሰርኩ በኋላ የካልሲው ሶፍት ተርፎ መውጣት ጀመረ።

ስለ አነዳዱ በአጭሩ። ዝናብ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከዶፉ ይልቅ ያንሸራትታሉ፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ የሚቀላቀለው ያኔ ነው። ቀለም የተቀባ መስመር፣ የብረት ክዳን፣ የተወለወለ ንጣፍ ላይ መሪ አይጠመዘዝም፣ ፍሬን አይያዝም። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሳይክል ውሃውን ጠርጎ እስኪጨርስ አይቆምም፤ ስለዚህ ከሩቅ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱን ስለማላውቅ አልገባበትም። «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከሰማሁ ደግሞ ሚኒባሱ ወደ እኔ እንደሚታጠፍ ነው የማስበው፤ እስካሁን አልተሳሳትኩም። ቤት ስደርስ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጌ የስፌት መኪና ዘይት አስነካዋለሁ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚያደርጉ አሉ፤ አሸዋ ይሰበስባል።

እውነተኛው ዶፍ ሲመጣ ግን እቆማለሁ። በረዶ የቀላቀለውን ከሆነማ ጥያቄም የለው። የአዲስ አበባ ዶፍ ሲበረታ ነው እንጂ ብዙ አይቆይም፤ ቀኑን ሙሉ እኝ የሚለው ሌላ ዓይነት ነው። በረንዳ ስር በቆሎ የሚጠብሱ እናት ካሉ ደግሞ መቆሙ እንደ ቅጣት አይቆጠርም። «እናቴ፣ አንድ እሸት» ብዬ ከሰሉ አጠገብ እጄን አሞቃለሁ። ለዶፉ የሚሆን ልብስ ፍለጋ ገንዘቤን ማፍሰስ የተውኩት ይሄን ካየሁ በኋላ ነው። ልብሱ ለካፊያውና ከዶፍ በኋላ ለሚቀረው ብቻ ከበቃ፣ ቀላልና ክፍት ሊሆን ይችላል። ለጠንካራው በረንዳ አለ።

ሌላው መከላከያ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሙሉ ቅያሪ፣ ፎጣ፣ ሁለተኛ ጫማ። ቢሯችን ሻወር የለውም፤ አብዛኛው ቢሮ የለውም። የረጠበውን ጫማ ጋዜጣ እጎስርበታለሁ፤ ማታ ድረስ እርጥበቱን ይጠጣዋል። ለዚህ አዲስ ዘመንን የሚያህል የለም፣ ወረቀቱ ሰፊ ነው። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቢሮ ውስጥ እያነሰ በመሄዱ ክረምት ላይ ከእኔ በላይ የሚያዝን ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ሸራ የሚሰፋ ሰው ጋ ሄድኩ። ፖንቾ ላሰፋ ነው፤ በእኔ ልክ።

«ለምንድነው?» አለኝ።

«ለሳይክል።»

«ሳይክሉን ልታለብሰው?»

ዱካ ላይ ተቀምጬ እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ አሳየሁት። ሜትሩን ይዞ ከአንገቴ እስከ አውራ ጣቴ ለካ፤ ከጀርባዬ እስከ ወገቤ፣ ከወገቤ እስከ ዱካው ጠርዝ። ከፊት ለአውራ ጣት ማስገቢያ ቀለበት፣ ከኋላ ወገብ ላይ የሚታሰር ገመድ፣ ነፋስ እንዳያነሳው ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት አዘዝኩ። ቆቡን አልፈለግኩም። ቆብ ጭንቅላት ሲዞር አብሮ አይዞርም፤ ከኋላ የሚመጣውን ለማየት የዞርኩ ጊዜ የማየው የቆቡን ውስጥ ነው። ከሄልሜቱ ስር ጥላ ያለው ኮፍያ ይበቃኛል። ሰውየው ሁሉንም ጻፈ፤ ስለ ክብደቱ ብቻ ትንሽ ተከራከረኝ፣ በኋላ ራሱ የብረት ቀለበት አመጣ። ለቡሄ ይደርሳል አለኝ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ሲባል የሰማ አይመስልም፤ ግን ጷጉሜንም ዝናብ አያጣም ብዬ ቀብዱን ከፈልኩ።

ቀለሙን ሲጠይቀኝ ከሩቅ የሚታይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ አልኩት። መኪና የሚነዳው ሰው መስታወቱ በጉም ተሸፍኖም ቢሆን እኔን ማየት አለበት ብዬም አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ጨርሶ ሰማኝ።

«ገብቶኛል» አለ። «ያለኝ ግን ሰማያዊ ብቻ ነው።»